በእግዚአብሔር ቤት ሰጪው አንድ ነው

ምንባብ፤ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ከቍጥር 1 እስከ 9፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቍጥር 23ና 24።



ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ያሳየናል። ምእመናን ተሰብስበው ሳሉ ሁለት ሰዎች በበሩ ይገባሉ። አንዱ ወርቅ ያጌጠና ያማረ ልብስ የለበሰ ነው፤ ሁለተኛው ልብሱ ያደፈ ድኻ ነው። ለፊተኛው የተሻለ ወንበር ይሰጠዋል፤ ለኋለኛው ግን መቆሚያ ወይም ከሰው እግር በታች መቀመጫ ይታዘዝለታል። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ጸሎቱ አልተቋረጠም፤ መዝሙሩ አልተለወጠም፤ ትምህርቱም አልተበላሸም። የተለየው የወንበር አሰጣጥ ብቻ ነው። ያዕቆብ ግን ይህን እንደ ቀላል ነገር አላለፈውም። በክብር ጌታ ማመንና ለሰው ፊት ማድላት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደማይችሉ አጥብቆ ይናገራል።

ስለ አንድ ወንበር ይህን ያህል መናገር ለምን አስፈለገ? ወንበሩ የልብን ምስጢር ስለሚገልጥ ነው። እኛ የአምልኮን እውነተኛነት ብዙ ጊዜ በስሜት እንለካለን። እንባ የፈሰሰበትና ድምፅ ከፍ ያለበት ጉባኤ እውነተኛ አምልኮ የተደረገበት ይመስለናል። ሌላው ደግሞ በሥርዐት ይለካዋል፤ ሁሉ በተራው ከተነበበና ከተዘመረ ደስ ይለዋል። ጌታችን ለሳምራዊቷ ሴት ሲያስተምር ግን እውነተኛነቱን በተራራው ላይ ወይም በከተማው ውስጥ አላደረገም። አብ የሚፈልገው በመንፈስና በእውነት የሚሰግዱለትን እንደ ሆነ ነገራት። ታዲያ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ያዕቆብ አንድ መመርመሪያ ይሰጠናል፤ ይኸውም ትልቅ ሰው በበሩ በገባ ጊዜ የጉባኤው ዐይን ወዴት እንደሚዞር መመልከት ነው።

ይህን ቃል የምጽፍላችሁ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ከመካከለኛው ከተማ በስተ ምዕራብ ላቪንግተን ከሚባለው ሰፈር ሆኜ ነው። ላቪንግተን ዛፍ የበዛበት፣ ሰፋፊ ግቢና ከፍ ያለ አጥር ያላቸው ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ከእርሱ ጋር ተያይዞ ካዋንግዋሬ የሚባል የቆርቆሮ ቤቶች የተጨናነቁበት የድኾች መንደር አለ። የላቪንግተንን ቤቶች ከሚጠርጉት፣ ልብስ ከሚያጥቡትና በር ከሚጠብቁት ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚያ ነው። በእሑድ ጧት ባለጠጋውና ሠራተኛው በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ አንዱ በመኪና፣ አንዱ በእግር። አንዳንድ ጊዜም በአንድ የቤተ ክርስቲያን በር ይገባሉ። ስለዚህ የያዕቆብ ምሳሌ በዚህ ከተማ የጥንት ታሪክ አይደለም። በደጋው አገር ለምትኖሩትም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ የእናንተም በር ሁለቱን ዐይነት ሰው ያስገባልና።

በዚሁ አገር በቅርብ ዓመታት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስለ አምልኮ የሚያስተምረን ነገር አለበትና። በኬንያ ሐራምቤ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፤ በአንድነት መሳብን ያመለክታል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላ ሕዝቡ ገንዘቡንና ጕልበቱን አዋጥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶችንና የጤና ጣቢያዎችን በዚህ መንገድ ሠራ። ይህ መልካም ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ሹመትና የምርጫ ድምፅ የሚፈልጉ ሰዎች በመዋጮው ስማቸውን ማስጠራት ለመዱ፤ የእሑድ ጉባኤም አደባባያቸው ሆነ። ፖለቲከኛው ከብዙ አጃቢ ጋር ይመጣል፤ ፊተኛው ረድፍ ይለቀቅለታል፤ ከስብከቱ በኋላ ድምፅ ማጉያው ይሰጠዋል፤ ገንዘቡን ይቈጥራል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ስለ ተቃዋሚዎቹ የልቡን ይናገራል። በእግዚአብሔር ስም የተጀመረው ጉባኤ በሰው ስም ይፈጸማል።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ልባቸው ተነካ። በመስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ኬንያ ቡቴሬ በሚባለው ስፍራ፣ ቄስ ሮዝ ኦኬኖ ለአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስነት በተሾሙበት ቀን፣ ታላላቅ ፖለቲከኞች በጉባኤው ተገኝተው ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ጃክሰን ኦሌ ሳፒት ግን ሁሉም ለአምልኮ እንግዳ ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል፣ መድረኩ ግን የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ገልጠው ንግግር እንዳያደርጉ ከለከሏቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላም፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በናይሮቢ ምሥራቅ ሶዌቶ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኝ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ለመዘምራኑና ለደብሩ የሚስዮን ጉባኤ 600,000 ሽልንግ፣ ለካህኑ ቤት ማሠሪያም 2 ሚሊዮን ሽልንግ ሰጡ፤ 3 ሚሊዮን ሽልንግና አንድ አውቶቡስ ደግሞ ሊጨምሩ ተስፋ ሰጡ። በማግስቱ የናይሮቢ ሊቀ ጳጳስ ፊሊፕ አንዮሎ ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን ገንዘብ እንደማትቀበልና ለሰጪዎቹ እንደሚመለስ በጽሑፍ አስታወቁ። ፖለቲከኞችም ወደ አምልኮ ሲመጡ እንደ ማንኛውም ምእመን መንፈሳዊ ምግብ ለመቀበል ብቻ እንዲመጡ መከሩ። ይህ ቃል በከተማው ላሉት የካቶሊክ ደብሮች ሁሉ ነበረ፤ ከመቶ ዓመት በላይ በላቪንግተን ቆሞ ለሚኖረው ለቅዱስ ኦስቲን ደብር ጭምር።

ወንድሞች ሆይ! ይህን የነገርኋችሁ የሌላውን አገር ገዥ ለመንቀፍ አይደለም። ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ እንድንጸልይ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፎ አዝዞናል፤ ለሹማምንትም የሚገባቸውን ክብር እንድንሰጥ በሮሜ መልእክቱ አስተምሮናል። እኔ የነገርኋችሁ ከዚያ ማስታወቂያ ውስጥ አንድ ቃል ልንማርበት የሚገባን ስለ ሆነ ነው፤ ይኸውም ለመቀበል መምጣት የሚለው ነው። ሰው ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚመጣው ለመቀበል ነው። ሰጪ ሆኖ የሚመጣ ሰው የመጣበትን ቤት አላወቀውም፤ ሰጪ አድርጎ የሚቀበለው ጉባኤም የተሰበሰበበትን ምክንያት ረስቷል።

ይህን ትምህርት አባታችን ማርቲን ሉተር አጥብቆ አስተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1544 የሳክሶኒው መስፍን ዮሐንስ ፍሬድሪክ ቶርጋው በሚባለው ከተማ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አዲስ የጸሎት ቤት አሠራ። ለወንጌላዊ አምልኮ ተብለው ከታነጹት አብያተ ክርስቲያናት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሉተር ሊመርቀው ተጠርቶ ሰበከ። እስቲ አስቡት፤ ቤቱን ያሠራው መስፍን ነው፤ ግቢው የመስፍኑ ነው፤ ሰባኪውም በዚያው መስፍን ጥበቃ ሥር የሚኖር ሰው ነው። ለማመስገን ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ ከየት ይገኛል? ሉተር ግን በዚህ ቤት ውስጥ ጌታችን በቅዱስ ቃሉ እንዲናገረን፣ እኛም በጸሎትና በምስጋና እንድንመልስለት እንጂ ሌላ ነገር እንዳይደረግበት አሳሰበ። የዕለቱ ምንባብ ደግሞ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ነበረ፤ ጌታችን በግብዣ ላይ የከበሬታ ወንበር ስለሚመርጡ ሰዎች የተናገረበት ክፍል ነው። በቤተ መንግሥት ውስጥ ስለ ወንበር ተሰበከ!

በጀርመን ቋንቋ የእሑዱ አምልኮ የእግዚአብሔር አገልግሎት ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም በሁለት ወገን ይተረጐማል። እኛ እግዚአብሔርን የምናገለግልበት ማለት ይሆናል፤ ነገር ግን አስቀድሞ እግዚአብሔር እኛን የሚያገለግልበት ማለት ነው። እርሱ ይናገራል፤ እኛ እንሰማለን። እርሱ ኀጢአትን ይቅር ይላል፤ እኛ ይቅርታን እንቀበላለን። እርሱ ማዕድን ያቀርባል፤ እኛ እንበላለን። ከዚህ በኋላ የምናቀርበው መዝሙርና መባ ከተቀበልነው የተመለሰ ምስጋና ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለት እኛ ሰጪዎች እግዚአብሔርም ተቀባይ የሆነ ሲመስለን፣ አምልኮአችን ውሸት ይሆናል። ዝማሬው ቢያምርም፣ ሥርዐቱ ቢሟላም ውሸት ነው።

በዚሁ በላቪንግተን ካለ ታሪክ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የቅዱስ ኦስቲንን ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1899 የመሠረቱት የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር አባቶች በዚህ መሬት ላይ ቡና ተከሉ። የቡናው ዘር ከሬዩንየን ደሴት በሚስዮናውያን እጅ የመጣ ነበረ። ወደ ደሴቲቱ የገባው ከየመን ነው፤ ወደ የመንም የሄደው ከእኛው ከኢትዮጵያ ደኖች ነው። እንግዲህ ይህ ቡና የማን ስጦታ ነው? የፈረንሳዮቹ ነውን? የየመን ነጋዴዎች ነውን? ወይስ የእኛ? ከፋም ሆነ ሌላው አገራችን ቡናን አልፈጠረም፤ ሰው ሳይተክለው በደኑ ጥላ ሥር በቅሎ አገኘው። በየእጁ ያለፈበት ሁሉ ተቀባይ ነበረ፤ የተቀበለውንም ለሌላው አሳለፈ። የእያንዳንዳችን ንብረትም እንዲሁ ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ያልተቀበላችሁት ነገር ምን አላችሁ ብሎ የጠየቃቸው ይህን ሲያሳስባቸው ነው። ባለጠጋውም በመባው ሣጥን ውስጥ የሚጥለው አስቀድሞ የተሰጠውን ነው።

አሁን እኮ አንድ የታመነ ሽማግሌ ተነሥቶ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ ቄስ ሆይ፣ ነገሩ ልክ ነው፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ግን ያፈሳል። ምእመናኑ ድኾች ናቸው። አንድ ባለ ገንዘብ ሊሠራልን ፈቅዷል፤ የሚጠይቀውም በእሑድ ጉባኤ ጥቂት ቃል እንዲናገርና ስሙ እንዲጠራ ብቻ ነው። እምቢ እንበለውን?

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በዝናብ የሚቀመጡ ሰዎች የሚጠይቁት ነውና በቀላሉ ልንመልሰው አይገባም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን መልስ አለው። አብራም የሰዶምን ምርኮ ካስመለሰ በኋላ የሰዶም ንጉሥ ሀብቱን ሊሰጠው በፈለገ ጊዜ፣ አብራም የጫማ ማሰሪያ እንኳ አልወስድም አለ። ምክንያቱን ራሱ ተናገረ፤ ንጉሡ አብራምን ያበለጠግሁት እኔ ነኝ ብሎ እንዳይመካ ነው። አብራም ገንዘብን አልጠላም፤ የጠላው የሰጪውን ስም መለወጥ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕም ንዕማን ከለምጹ በነጻ በኋላ ያቀረበለትን ብርና ልብስ አልተቀበለም። ለምን? ያ ሰው ፈውስ የሚገዛ ነገር መስሎት ወደ አገሩ እንዳይመለስ ነው። ግያዝ ግን እየሮጠ ተከትሎ ተቀበለ፤ ልብሱንም ወሰደ፤ ከልብሱ ጋር ለምጹንም ወሰደ።

ስለዚህ ለሽማግሌው የምመልስለት ይህ ነው። ገንዘቡን ሳይሆን ስሙን መርምሩ። ስሙ ሳይጠራ ይሰጣልን? ድኻዋ ሴት ሳንቲሟን በምትጥልበት በዚያው ሣጥን ውስጥ እንደ እርሷ ዝም ብሎ ሊጥል ይወዳልን? ከወደደ በደስታ ተቀበሉት፤ እግዚአብሔርንም አመስግኑ፤ ጣሪያውንም ሥሩ። ያለ ድምፅ ማጉያ አልሰጥም ካለ ግን ያ ስጦታ አይደለም፤ ዋጋ ነው። ሊገዛበት የፈለገው ነገር ደግሞ የእናንተ አይደለም። ጣሪያ የሌላት ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ናት። አባቶቻችን እ.ኤ.አ. በ1530 በአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደ ሆነች ሲናገሩ፣ ወንጌል በንጽሕና የሚሰበክባት፣ ምሥጢራትም በሚገባ የሚፈጸሙባት የቅዱሳን ጉባኤ መሆኗን መሰከሩ። ስለ ቆርቆሮና ስለ ምሰሶ አልተናገሩም። ጌታ የሌላት ጣሪያ ግን ምን ትጠቅማለች?

ይህ ነገር ለፖለቲከኞች ብቻ የተነገረ አይምሰለን። በገዛ ቤታችን ያለውን እንይ። የክብር እንግዳ ተጠርቶ እርሱ እስኪደርስ ድረስ አምልኮው የሚቆይበት ጊዜ የለምን? ሕዝቡ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሲጠብቅ የሚጠብቀው ማንን ነው? ጌታ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሙ ለሚሰበሰቡት በመካከላቸው እገኛለሁ ብሎ ተስፋ ሰጥቶ ሳለ፣ እርሱ መጥቶ ተቀምጦ ሳለ፣ እኛ መኪና እንጠብቃለን! በፊተኛው ረድፍ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች፣ በጠረጴዛ ላይ አበባና ውኃ ይዘጋጃሉ፤ ሕፃን ያዘለችው እናት ግን በበሩ አጠገብ በነፋስ ትቆማለች። ይህ የያዕቆብ መልእክት ካልሆነ ሌላ ምንድር ነው?

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ራሳችንን እንመርምር። በናይሮቢም ሆነ ከዚያ በራቀ አገር ሠርተን ለትውልድ ስፍራችን ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መላክ መልካም ነው። ነገር ግን የላክነው ገንዘብ ስማችን በመድረክ ካልተነበበ፣ ስማችን በግድግዳ ካልተጻፈ የማያስደስተን ከሆነ፣ ጌታችን በተራራው ስብከት እንዳስተማረው ዋጋችንን ተቀብለናል ማለት ነው። ዘማሪውም ራሱን ይጠይቅ፤ የሥዕል መቅረጫው ባይኖር በዚያው ኀይል ይዘምር ነበርን? ትንቢትና ጸሎት በገንዘብ የሚሸጡትማ ከሲሞን ጠንቋዩ ጋር በአንድ ወገን ቆመዋል፤ ጴጥሮስ ለእርሱ የመለሰለትን መልስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያንብቡ። እኛ ሰባኪዎችም ከዚህ ፈተና ውጭ አይደለንም። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቄሱ እንዴት ያለ ሰው ነው እያለ ከሄደ፣ ክርስቶስ እንዴት ያለ ጌታ ነው ማለትንም ከረሳ፣ ያ ስብከት ምንም ያህል ቢያምር ወንበር የሚሻማ ስብከት ነው።

ከዚህ ልማድ የሚመጣውን ጉዳት በሦስት ወገን እንመልከት።

አንደኛ፣ ድኻው ይጎዳል። ለምግቧ ከሚያስፈልጋት ቈጥባ መባዋን የምታመጣ ሴት፣ ለባለ ሚሊዮኑ ሲጨበጨብ በሰማች ጊዜ የእርሷ ነገር ከንቱ እንደ ሆነ ትማራለች። ከዚህ የከፋው ግን እግዚአብሔርም ቀለበትን የሚመለከት መስሎ ይታያታል። በሳምንቱ ቀናት ሁሉ በሰው ቤት በጓዳ በር የገባች ሠራተኛ በእሑድም በእግዚአብሔር ቤት የጓዳ በር ካጋጠማት ወዴት ትሄዳለች? ጌታችን በመባ ሣጥኑ ፊት ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ ያሳያቸው ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነበረ። ብዙ የጣሉትን ባለጠጎች አይቷል፤ የጠራው ግን ስለ እርሷ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለጠጋው ራሱ ይጎዳል። ይህን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ያ ሰው ነፍስ አለው። ማታ ብቻውን ሲሆን ኅሊናው ይከሰዋል፤ እንደ ማንኛችንም ይሞታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን በመጣበት ቀን የሚያስፈልገው ከሌላ ስፍራ የማያገኘው ነገር ነበረ፤ ይኸውም ስለ ኀጢአቱ እውነቱን የሚነግረውና በክርስቶስ ደም የይቅርታን ቃል የሚያውጅለት አገልጋይ ነው። ጭብጨባንስ በየስፍራው ያገኘዋል። እኛ ግን እንጀራ ሲርበው ጭብጨባ ሰጠነው። እርሱ ሳይበላ ሄደ፤ እኛም ገንዘቡን ቈጠርን። በመጨረሻው ቀን ስለዚህ ሰው ከእኛ እጅ አይጠየቅምን?

ሦስተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን አፍ ይዘጋል። ናታን በዳዊት ፊት ቆሞ ያ ሰው አንተ ነህ ሊለው የቻለው የዳዊት ባለ ዕዳ ስላልነበረ ነው። አክዓብ የሰበሰባቸው 400 ያህል ነቢያት ግን ንጉሡ ሊሰማ የወደደውን ብቻ ተናገሩ። ጣሪያህን ያሠራልህን ሰው በማግስቱ እንዴት ትገሥጸዋለህ? ልትገሥጸው ካልቻልህስ እንዴት ልታጽናናው ትችላለህ? ሕጉ በአፍህ ከታሰረ ወንጌሉም አብሮ ይታሰራል።

ወንድሞች ሆይ! ይህ ነጻነት ለአገራችን ቤተ ክርስቲያን በርካሽ የተገኘ አይደለም። በደርግ ዘመን በወለጋና በሌሎችም ስፍራዎች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሓፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። በዚያ ጊዜ ምእመናን በየቤቱ ተሰብስበው፣ በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። ፊተኛ ረድፍ አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። የክብር እንግዳ አይጠበቅም ነበር፤ ድንገት በሩን የሚመታው እንግዳ ወታደር ነበርና። እዚያ የሚዘምር ሰው ለሰው ታይታ አልዘመረም፤ ሰው እንዳይሰማው ይፈራ ነበር። ሆኖም እግዚአብሔር ሰማው። እኒያ አባቶችና እናቶች በችግር ጊዜ ያልሸጡትን እኛ በሰላም ጊዜ በቆርቆሮ ዋጋ እንሸጠዋለንን?

እስካሁን የተናገርሁት ሕግ ነው፤ ሕግ ደግሞ ልብን ይገልጣል እንጂ አይለውጥም። ወንበሩን በማስተካከል ብቻ አምልኮአችን እውነተኛ አይሆንም። ዐይናችን ከቀለበቱ ላይ የሚነሣው ከእርሱ የሚበልጥ ነገር ባየ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ወደ በሩ እንደ ገና እንመልከት፤ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ አይደሉም። ሦስተኛ የገባ አለ። እርሱ ከሁሉ ይልቅ ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድኻ ሆነ። የወርቅ ቀለበት አላደረገም፤ የእሾህ አክሊል ጫኑበት። የከበሬታ ወንበር አልጠየቀም፤ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ከእግር በታች የሚለውን ስፍራ እርሱ ራሱ ወሰደው። ያዕቆብ የክብር ጌታ ብሎ የሚጠራው ይህን ነው። የሰጠውም ከተረፈው አይደለም፤ ራሱን ሰጠ። ስሙም በመድረክ አልተወደሰም፤ የክሱ ጽሑፍ በመስቀሉ ላይ ተለጠፈ እንጂ።

ይህ ሰጪ ዛሬም በቃሉና በማዕዱ ወደ እናንተ ይመጣል። ወደ ጌታ እራት ስትቀርቡ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በዚያ ስፍራ ሁሉም ይንበረከካል። የላቪንግተኑ ባለቤትና የካዋንግዋሬዋ ሠራተኛ፣ የደሴው ነጋዴና በበሩ የሚለምነው ድኻ በአንድ መስመር ይቆማሉ። የሁሉም እጅ ባዶ ነው። ለባለጠጋው ትልቅ ቍራሽ ለድኻው ትንሽ አይሰጥም፤ አንድ እንጀራ፣ አንድ ጽዋ፣ አንድ የኀጢአት ይቅርታ ነው። በባዶ እጅ የተቀበለ ሰው ከዚያ ተነሥቶ ሲሰጥ ስሙን አያስጠራም፤ እጁ ባዶ እንደ ነበረ ያስታውሳልና።

ስለዚህ፣ እናንተ ሽማግሌዎች ሆይ፣ የአምልኮውን ሰዓት ለማንም ሰው አታዘግዩ። ደወሉ በተደወለ ጊዜ ጌታ መጥቷልና ጀምሩ። ፊተኛውን ወንበር ለደከመውና ለሽማግሌው፣ ሕፃን ለያዘችውና ጆሮው ለከበደው ስጡ። መባን ሁሉ በአንድ ሣጥን ተቀበሉ፤ የገንዘቡንም ሒሳብ ለጉባኤው በእውነት ንገሩ፤ የሰጪውን ስም ግን ለእግዚአብሔር ተዉለት። ሹም ሲመጣ በአክብሮት ሰላምታ ስጡት፤ ስለ እርሱም ጸልዩ፤ ከምእመናን መካከል አስቀምጡት፤ ከዚያም እንደ ሌላው ሰው ወንጌልን መግቡት። ለእርሱ ልታደርጉለት የምትችሉት ትልቁ ክብር ይህ ነው። እናንተ ሰባኪዎች ሆይ፣ ወደ መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት ዛሬ የምሰጣቸው የራሴን ነው ወይስ የጌታዬን ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ሰጥታችሁ ማንም ያላመሰገናችሁ፣ በኋለኛው ወንበር ተቀምጣችሁ ማንም ያላያችሁ፣ ደስ ይበላችሁ፤ በስውር የሚያይ አባት አላችሁ።

እንጸልይ።

የሰማይና የምድር ጌታ፣ የሁሉ ሰጪ አባት ሆይ! ባዶ እጃችንን ወደ አንተ እንዘረጋለን። የሰውን ፊት እያየን በቤትህ ውስጥ አንተን የረሳንበትን ጊዜ ሁሉ ስለ ልጅህ ብለህ ይቅር በለን። ባለጠጎቻችንን ከመታበይ፣ ድኾቻችንን ከተስፋ መቍረጥ፣ አገልጋዮችህንም ከፍርሃትና ከጥቅም ፍቅር ጠብቅ። ለገዥዎቻችን ጥበብንና አንተን መፍራትን ስጣቸው። በደጋና በቈላ፣ በአገር ቤትና በስደት የሚሰበሰቡትን ጉባኤዎችህን በቃልህ መግብ፤ ዐይናችንም በተሰቀለውና በተነሣው ጌታ ላይ ያርፍ ዘንድ መንፈስ ቅዱስህን ላክልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።